ከሎሚው ዛፍ ጀምሩ፦ ቢራቢሮና የእሳት እራት ሰብስባችሁ ማጥናት ለምትፈልጉ

«ቢራቢሮ መሰብሰብ እፈልጋለሁ፣ መረብ ከየት ላግኝ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ግቢህ ውስጥ ሎሚ አለ?» እላለሁ። መረቡ ይደርሳል። መጀመሪያ አንዲት ቢራቢሮ ከእንቁላሏ ጀምሮ እስክትበር ድረስ እዩ። ያንን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ እጁ የሚገባውን ሁሉ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ሎሚ ከሌላችሁ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ትርንጎም ይሆናል። ገጠር ያላችሁ ልምጭ ፈልጉ፤ ያው ለመፋቂያ የሚቆረጠው ልምጭ ከሎሚ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አዲስ የወጣውን ለስላሳ ቅጠል ገልበጥ ገልበጥ እያደረጋችሁ እዩት። ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ተለቅ የምትል፣ ክብ፣ ፈዛዛ ቢጫ ነገር ብቻዋን ተለጥፋ ካገኛችሁ እንቁላል ናት። የትልቁ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ እንቁላል። በሳይንስ ስሙ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይባላል፤ ክንፉ ሲዘረጋ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ አበባ እየቀሰመ እንኳ ክንፉን ማርገብገብ አያቆምም።

እንቁላል ካጣችሁ የወፍ ኩስ ፈልጉ። የምሬን ነው። ትሉ ትንሽ ሳለ ቡናማ ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ ስላለው ቅጠል ላይ የወደቀ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፍ ደግሞ የራሷን ኩስ አትበላም። ቆዳውን ቀይሮ ቀይሮ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ በሣር ጫፍ ጀርባውን ነካ አድርጉት። ከጭንቅላቱ ኋላ ሹካ የመሰለ ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ ይላል፣ የተበላሸ ሎሚ የሚመስል ኃይለኛ ሽታም ይመጣል። ጉንዳንና ተርብ የሚያባርርበት መሣሪያው ነው። ጥቂት ቆይቶ ቀንዱን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ለማሳደግ አንድ ባልዲ ወይም ካርቶን ይበቃል፤ አፉን በአጎበር ቁራጭ ሸፍኑት። ቅርንጫፉን ውኃ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አቁሙና የጠርሙሱን አፍ በጥጥ ወትፉት፤ ካልወተፋችሁት ትሉ ወርዶ ይሰምጣል። ቅጠሉን በየቀኑ ቀይሩ፣ ኩሱን በየቀኑ ጥረጉ። ሻጋታ ትሉን ይገድለዋል። ፀረ ተባይ ከተረጨ ዛፍ ደግሞ ቅጠል አትውሰዱ፤ ማጠብ ብቻውን አያድንም።

አንድ ቀን መብላቱን ያቆምና ወዲያ ወዲህ ማለት ይጀምራል። የታመመ እንዳይመስላችሁ። ቦታ እየፈለገ ነው። ቀጭን እንጨት አስገቡለት። ኋላ በጅራቱ ይጣበቅና ወገቡን በሐር ክር ያስራል፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ በቀበቶው ወደ ኋላ የተንጠለጠለ የመብራት ሠራተኛ ማለት ነው። ከዚያ ፑፓ ይሆናል፤ ሳይበላ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ደረጃ ነው። በሞቃት አገር ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርድ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቢራቢሮዋ ስትወጣ ክንፏ እንደተጨማደደ ጨርቅ ነው። አትንኳት፣ አታግዟት። ደሟን ወደ ክንፏ እየገፋች ትዘረጋዋለች፣ ቀይ ቡናማ ፈሳሽም ጠብ ታደርጋለች፤ ፑፓ ሳለች የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው እንጂ ቁስል አይደለም። ከፑፓው ቢራቢሮ ሳይሆን ትናንሽ ተርቦች ቢወጡስ? እነሱንም ያዙ፣ ቀኑንም ጻፉ። የትኛው ተርብ የትኛውን ትል እንደሚያጠቃ ከተጻፈው ያልተጻፈው ይበዛል፣ እናንተ ደግሞ በዓይናችሁ አይታችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጠጉራሙን አባጨጓሬ በባዶ እጅ አትንኩ። በቅጠሉ ወይም በወረንጦ አንሱት። ከነካችሁ አታሹት፤ ፕላስተር ለጥፋችሁ ንቀሉ፣ ጠጉሩ አብሮ ይወጣል። ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ደብተሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስብስባችሁ ማለት ሳጥኑ አይደለም፣ ደብተሩ ነው። የት፣ መቼ፣ በማን እንደተያዘች ያልተጻፈላት ቢራቢሮ፣ የቱንም ያህል ብታምር፣ ጌጥ ናት። ለጥናት አትረባም።

ይህን ያወቅኩት ከፍዬበት ነው። ከቢሾፍቱ ያመጣኋቸው ሰባት ቢራቢሮዎች አሉኝ። ፖስታቸው ላይ «ቢሾፍቱ፣ 3/2» ብዬ ጽፌያለሁ። ጥቅምት 3 ይሁን ፌብሩዋሪ 3 እስከ ዛሬ አላውቅም። ጥቅምት ከሆነ ክረምቱ ወጥቶ አበባው የሞላበት ጊዜ ነው፤ ፌብሩዋሪ ከሆነ የጥር መጨረሻ ነው፣ ደረቅ በጋ። ዓመቱንም አልጻፍኩም። ብዙ ቢራቢሮዎች በዝናብና በደረቅ ወቅት መልካቸው ስለሚለያይ ቀኑ ከጠፋ ግማሹ ታሪክ ጠፋ። በሁለት አቆጣጠር የምንኖር ሰዎች ነንና የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ ከዓመቱ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አትርሱ። ሰዓትም እንደዚያው ነው። «2 ሰዓት» ብቻ አይበቃም፤ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» በሉ።

አሁን ለአንዲት ቢራቢሮ የምጽፈው፣ ለምሳሌ፣ ይህን ያህል ነው፦ «ኢትዮጵያ፣ ኦሮሚያ፣ ቢሾፍቱ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከፍታ 1,900 ሜትር፣ ጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ የሎሚ አበባ ላይ፣ በመረብ»፤ መጨረሻ ላይ ስሜ። ስልካችሁ የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥርና ከፍታውን ይነግራችኋል፣ እሱንም ጨምሩ። እርሳስ ተጠቀሙ፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል። ወረቀቷ ደግሞ ትንሽ ትሁንና እዚያው ስፒሉ ላይ ከቢራቢሮዋ በታች ትሰካ። ለብቻ የተቀመጠ ወረቀት ጠፍቶ የሚቀር ወረቀት ነው።

መረብና የቀን ሥራ

መረብ መግዛት አያስፈልግም። ጠንከር ያለ ሽቦ 35 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ክብ አጥፉ፣ ሸንበቆ ላይ እሰሩ፣ ከአሮጌ አጎበር ከረጢት ስፉለት። በፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር ከሆነ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ወይም ተራ ስስ መጋረጃ ተጠቀሙ። የከረጢቱ ጥልቀት የክቡን ስፋት እጥፍ ይሁን። ምክንያቱም ቢራቢሮዋ ስትገባ እጃችሁን ጠምዘዝ አድርጋችሁ ከረጢቱን ሽቦው ላይ ትገለብጡታላችሁ፤ አጭር ከሆነ አይገለበጥም፣ እሷም ትወጣለች።

አትሩጡ። ስትበር ከማሳደድ አበባው ጋ ቆሞ መጠበቅ ይሻላል። ከኋላ ቅረቡ፣ ጥላችሁ አይረፍባት። ከረፋዱ 3 እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ስትሞቅ ምርጥ ነው። ወቅቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ አደይ አበባው ሲያብብ እነሱም ይፈላሉ። እርጥብ አሸዋና የከብት ሽንት ያለበት ጭቃም እዩ፤ ወንዶቹ ጨው ለመምጠጥ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። አበባ የማይወዱም አሉ። ዛፍ ላይ የሚውሉት ፈጣኖቹ ቻራክሰሶች የሚወርዱት ለበሰበሰ ሙዝ ነው። ሙዙን ከስኳርና ከጠላ አተላ ጋር ለውሳችሁ ሁለት ቀን አስቀምጡና ግንድ ላይ ቀቡት።

ሁሉን አትያዙ። ከአንድ ዓይነት ከአንድ ቦታ አንድ ወንድ አንድ ሴት ይበቃል። ሆዷ የተነፋ ሴት ካገኛችሁ ልቀቋት፣ እንቁላል ይዛለች።

ሌሊቱ የእነሱ ነው

የቢራቢሮና የእሳት እራት ልዩነት ሲምታታባችሁ አንቴናውን እዩ። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ እንደ ክብሪት ራስ ይወፍራል። የእሳት እራት ወይ ቀጭን ክር ነው፣ ወይ ላባ ይመስላል። በዓለም ላይ ስም ከወጣላቸው 160,000 ገደማ ዝርያዎች ውስጥ ቢራቢሮዎቹ ከ20,000 አይዘሉም። የቀረው ሁሉ የእሳት እራትና ዘመዶቻቸው ናቸው። ስለዚህ ቀን ቀን ብቻ የሚሰበስብ ሰው ትልቁን ድርሻ እያለፈው ነው።

ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ሰቅላችሁ ታቹን መሬት ላይ ዘርጉት። ፊቱ አምፖል አብሩ። ተራው ኤልኢዲ ብዙ አይስብም፤ ሐምራዊ የሚመስለው፣ የሐሰት ብር ለመለየት የሚጠቀሙበት ዓይነት አምፖል ብዙ እጥፍ ይሻላል፣ ግን ዓይናችሁን አታፍጡበት። ጨረቃ የሌለችበት፣ ነፋስ የሌለው፣ ደመናማና ሞቅ ያለ ሌሊት ምረጡ። ከደረቅ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ያጠጣው ሌሊት ወደር የለውም። የእንቁላል ካርቶን አንሶላው ሥር ደርድሩ፤ ብዙዎቹ ገብተው ይተኛሉ፣ እናንተም ጠዋት ተረጋግታችሁ ታዩአቸዋላችሁ። ወፎች ሳይነሡ ግን ተነሡ፤ አለበለዚያ የምታገኙት ክንፍ ብቻ ነው። ለጎረቤትና ለጥበቃም አስቀድማችሁ ንገሩ። በእኩለ ሌሊት የበራ ነጭ አንሶላ ሰው ያስደነግጣል።

ስማቸው ራሱ «የእሳት እራት» ነው። እሳት ላይ ወድቀው የሚቃጠሉት ለምን እንደሆነ ብዙ ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ያሳየው ነገር ግን በጣም ይገርማል። ብርሃኑን ወደው አይደለም፣ ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ስለሚያዞሩ ነው። ለሚሊዮኖች ዓመታት በሌሊት ብሩህ የነበረው ሰማይ ነዋ! ጀርባቸውን ለብርሃን ከሰጡ ቀጥ ብለው ይበራሉ። አምፖል ሲመጣ ግን ላይና ታች ይጠፋባቸውና ይሽከረከራሉ። አንሶላው ጋ ተቀምጣችሁ ልብ ብላችሁ ካያችሁ አምፖሉ ላይ ሲያልፉ ተገልብጠው ሲወድቁ ይታያችኋል። ስለዚህ መብራቱን ሌሊቱን ሙሉ፣ በየቀኑ አታብሩ። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል።

አንድ የሰኔ ሌሊት አንሶላዬ ላይ አውራ ጣቴን የምታክል ወፍራም ነገር ዱብ አለች። ጀርባዋ ላይ የራስ ቅል የመሰለ ቢጫ ምልክት አላት። በእጄ ስይዛት ጮኸች። ሲጥ፣ ሲጥ፣ እንደ አይጥ። አኬሮንሺያ አትሮፖስ ትባላለች፤ ድምፁን የምታወጣው አየር በአጭሩ ኩምቢዋ እያስገባችና እያስወጣች ነው። ትሏ የድንች ቅጠል ይበላል፣ እሷ ግን በሌሊት የንብ ቀፎ ገብታ ማር ትሰርቃለች። ንብ የሚያንቡ ዘመዶች ካላችሁ ቀፎ ውስጥ ሞታ አግኝተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቁ፤ አዎ ካሉ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ።

ደብዛዛዎቹን አትናቁ። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤ ተምች በቆሎውን የሚያወድመው በትልነቱ ነው፤ ሲያድግ ግን ግራጫ ቡናማ፣ ክንፉ ሲዘረጋ 4 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የእሳት እራት ነው። ወንዱ የፊት ክንፉ ጫፍ አጠገብ ነጣ ያለ ምልክት አለው። የአገዳ ቆርቁርም እንዲሁ የእሳት እራት ልጅ ነው። በየሳምንቱ አንሶላ የሚሰቅልና የሚቆጥር ሰው መብዛት ሲጀምሩ ከሁሉ ቀድሞ ያያል። ለወረዳው የግብርና ባለሙያ መንገር ደግሞ አንድ ስልክ ነው።

መግደል፣ መዘርጋት፣ ማስቀመጥ

ለማጥናት የምትገድሉትን ሳታሰቃዩ ግደሉ። እኔ የፍሪጁን በረዶ ቤት እጠቀማለሁ። በትንሽ ዕቃ አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ትልልቆቹን ሁለት ቀን አቆዩ። በመሐል መብራት ከጠፋ እንደገና ቁጠሩ፤ ለጥቂት ሰዓት የቀዘቀዘች ቢራቢሮ ነፍስ ትዘራለች።

ያኔውኑ የማትዘረጓት ከሆነ በወረቀት አስቀምጡ። አራት ማዕዘን ወረቀት በመሐሉ በሰያፍ አጥፉና የተረፉትን ሁለት ጠርዞች ቀልብሱ፣ ሦስት ማዕዘን ፖስታ ይሆናል። መጀመሪያ ላዩ ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ክንፏን ገጥማችሁ አስገቧት። እንዲህ ሆና ደረቅ ቦታ ዓመታት ትቆያለች። ስትፈልጓት የምሳ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሶፍት አንጥፉ፣ ጥቂት ዴቶል ጠብ አድርጉበት፣ ውኃው እንዳይነካት ላዩ ላይ ወንፊት ነገር አድርጋችሁ አንድ ሁለት ቀን ክደኗት። እፍ ስትሏት ክንፏ ከተንቀሳቀሰ ለስልሳለች።

መዘርጊያውን ከቴሌቪዥን ካርቶን በሚወጣው ፎም ሥሩ። ሁለት ቁራጭ ሌላ ፎም ላይ ለጥፉ፣ መሐላቸው ሰውነቷ የሚገባበት ቦይ ይቅር። ስፒሉን ደረቷ መሐል ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱ፤ ሲሶው ከላይ ይቅር። ክንፉን በጣት አትንኩ፤ እጅ ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፉ ቀለም ራሱ ነው። በቀጭን መርፌ ከፊት ጠርዝ ካለው ጠንካራ ጅማት ኋላ ገፋ እያደረጋችሁ የፊት ክንፉን አንሱት። የፊት ክንፉ የታችኛው ጠርዝ ከሰውነቷ ጋር ቀጥ ያለ መስቀል ሲሠራ ቁሙ። ከዚያ የኋላውን አስከትሉ። በወረቀት ጥብጣብ ሸፍናችሁ ዙሪያውን ስፒል ሰክታችሁ ያዙት፣ ክንፉን ግን አትውጉ። ሁለት ሳምንት በቂ ነው፣ በክረምት ከዚያ በላይ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ ይበላሻሉ። የተለመደውን ነጭ ቢራቢሮ መለማመጃ አድርጉ እንጂ ብርቅ ያላችሁትን አታበላሹ።

የልብስ ሰፊ ስፒል ለመጀመሪያ ይሆናል፣ ግን ይዝጋል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ የማይዝግ የነፍሳት ስፒል ቁጥር 2 እና ቁጥር 3 አንዳንድ ፓኬት አስመጡ። 100 ፍሬ ነው የሚይዘው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይወስድም።

«ብልና ዝገት» የሚለው ነገር እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ስፒሉን ዝገት፣ ቢራቢሮውን ደግሞ ጥቃቅን ጢንዚዛ ይበላዋል። ከቢራቢሮዋ በታች ቡናማ ዱቄት ካያችሁ ያኔውኑ ሳጥኑን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ ቤት ሁለት ሳምንት አስገቡት። ክዳኑ የሚገጥም የእንጨት ሳጥን አናጺ አሠሩ። ጉንዳን የሚያስቸግራችሁ የጠረጴዛውን እግሮች ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ። ፀሐይ አይንካው፣ ቀለሙን ይመጠዋል። ናፍታሊን የምታስገቡ ከሆነ ከምትተኙበት ክፍል አርቁት።

ስሟን ማግኘት

ፎቶ ስታነሱ የላዩንም የታቹንም ክንፍ አንሱ፤ ብዙዎቹ የሚለዩት በታችኛው ገጽ ነው። አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ላይ ብትለጥፉ ከሌላ አገር የሚያውቅ ሰው ያግዛችኋል፣ መዝገቡም ለሌላው ይጠቅማል። ግን ማሽኑ በሰጣችሁ ስም ብቻ አትርጉ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ከሚያወጣው ተክል አካባቢ የምታዩአት ብርቱካንማ ቢራቢሮ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነው፣ ዳናውስ ክሪሲፐስ ናት። ትሏ ከተክሉ መርዝ ስለሚወስድ ወፎች ይፈሯታል። ታዲያ ይህን ፍርሃት የምትጠቀም ሌላ አለች፤ የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ሴት። መርዝ የላትም፣ መልኳን ግን ከዳናውስ ቀድታለች። የኋላ ክንፏን እዩ። ዳናውስ መሐሉ ላይ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥብ አላት። ሚሲፐስ ከፊት ጠርዙ አንድ ብቻ። ከሁለቱ አንዷ ትመጣለች ብላችሁ ነጥብ ቁጠሩ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

ሳትገድሉ ማጥናት የምትፈልጉ ደግሞ ቆጠራ አለላችሁ። አንድ መንገድ ምረጡ፣ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወይም ሰፈራችሁ ያለ ወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በቀስታ እየተራመዳችሁ 5 ሜትር ስፋት ውስጥ ያያችሁትን ብቻ ቁጠሩ። እንግሊዞች ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢራቢሮዎቻቸውን የሚከታተሉት እንዲህ ነው። ነጫጭ ቢራቢሮዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲጎርፉ ካያችሁ ደግሞ ፍልሰት ነው። በደቂቃ ስንት እንዳለፉና ወዴት እንደሄዱ መዝግቡ።

ፈቃድን በተመለከተ፦ በራሳችሁ ግቢ ማንም አይጠይቃችሁም። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግን ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳትይዙ መረብ አታውጡ። ለእረፍት ከውጭ የመጣችሁም ሰብስባችሁ በሻንጣ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፣ የሚመለከተው ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ዝርያ ለማነጻጸር አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም አለ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቀኑና ቦታው በደንብ ከተጻፈ አምስት ቢራቢሮም ይዛችሁ ብትሄዱ የምታወሩት ነገር አታጡም።